በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል
የገበሬውን የብድር ታሪክ ማን ይጽፈዋል?

ደብረ ታቦር፦ በገበያ ቀን ማለዳ ከፋርጣ ቀበሌዎች፣ ከጉና ግርጌና ከእስቴ መንገድ የሚመጣው ገበሬ ድንቹን በጆንያ፣ ገብሱን በስልቻ አስጭኖ ወደ ከተማይቱ ይገባል። ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ግን ሁሉም በአንድ መንገድ አይመለስም። ገሚሱ ጨውና ቡናውን ገዝቶ ወደ መንደሩ ሲያቀና፣ ገሚሱ ደግሞ ካኪ ፖስታ በብብቱ ይዞ በአበዳሪ መሥሪያ ቤት በር ላይ ይሰለፋል። በፖስታው ውስጥ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የመታወቂያ ቅጂና ከቀበሌ የተጻፈ ደብዳቤ ይገኛሉ። ለዘር ድንች፣ ለበግ ማድለቢያ ወይም ለውኃ መሳቢያ ሞተር ብድር ሊጠይቅ ነው።

በመስኮቱ ማዶ የተቀመጠው ሠራተኛ ግን ከእነዚህ ወረቀቶች ሌላ የሚያየው ነገር አለ። ይኸውም ስለዚያ ገበሬ ቀደም ሲል የተጻፈ ታሪክ ነው፤ መቼ ተበደረ፣ ስንት ተበደረ፣ በቀኑ ከፈለ ወይስ አሳለፈ፣ ለማንስ ዋስ ሆነ? ይህ ጽሑፍ የብድር ታሪክ መግለጫ ይባላል። ገበሬው ራሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ጽሑፍ አይቶት አያውቅም።

የቀበሌ ገበሬ ማኅበር መሪዎች ስለዚህ ጉዳይ ለምን ማወቅ ይገባቸዋል? ምክንያቱም ታሪኩ የሚጻፈው በባንክ ሠራተኛ ብቻ ስላልሆነ ነው። መነሻው በቀበሌው ጸሐፊ ደብዳቤ፣ በቡድኑ ሰብሳቢ ደብተርና በገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ላይ ነው። መነሻው ከተሳሳተ መድረሻው አይቃናም።

ቀድሞ ዋሱ ሰው ነበር

በደቡብ ጎንደር ደጋ ብድር አዲስ ነገር አይደለም። በክረምት እህል ያለቀበት ከጎረቤት ይበደራል፤ በሬ የሞተበት ከዘመድ ይወስዳል፤ ሲጨንቀው አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል። መሬቱን በወለድ አገድ የሚያስይዝም አለ። በወለድ አገድ አበዳሪው ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን እያረሰ ምርቱን በወለድ ፈንታ ይበላል። በእነዚህ ሁሉ ውሎች ውስጥ መዝገቡ የሰው ጭንቅላት ነበር። «እገሌ ቃሉን ይጠብቃል»፣ «እገሌ ሲበደር እንጂ ሲከፍል አያምርበትም» የሚለውን መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል።

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ጥሩ ጎን አለው። ሰውየው ያልከፈለው በረዶ እህሉን ስለመታበት ይሁን ወይም ገንዘቡን ስላባከነው፣ ጎረቤት ለይቶ ያውቃል። ይሁን እንጂ ከወንዝ ማዶ አይሻገርም። በፋርጣ በታማኝነቱ የታወቀ ሰው ባሕር ዳር ሲሄድ ማንም አያውቀውም።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ፣ በ1968 ዓ.ምም አዋጅ ቁጥር 71 ለአገልግሎት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በር ከከፈተ በኋላ፣ የማዳበሪያና የዘር ብድር በማኅበር በኩል መድረስ ጀመረ። በኋላም ከ1980ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ወዲህ የክልል መንግሥታት ዋስ እየሆኑ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሚገኝ ገንዘብ ማዳበሪያ በዱቤ ይታደል ነበር። የዱቤው ማስመለስ ሥራ የወረደው በቀበሌ መሪዎችና በልማት ሠራተኞች ትከሻ ላይ ነበር። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም የበቆሎ ዋጋ በአገሪቱ በወደቀ ጊዜ ብዙ ገበሬ ዕዳውን መክፈል አቃተው።

ከዚያ ዘመን የምንማረው አንድ ትምህርት አለ። ዕዳው በጅምላ የሚታይ ስለነበር በቀኑ የከፈለውና ያልከፈለው ገበሬ በአንድ ዓይን ታዩ። አምስት ዓመት ሙሉ ሳያዛንፍ የከፈለ ሰው፣ ታሪኩ በስሙ ስላልተጻፈለት፣ ከዚያ ሁሉ ልፋቱ ይዞት የሄደው ነገር አልነበረም።

በአማራ ክልል ይህን የለወጠው አሠራር የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ማለትም አብቁተ፣ በ1989 ዓ.ም በአክሲዮን ማኅበርነት ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰፋ። ጥቂት ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰባስበው ቡድን ይመሠርታሉ፤ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፤ እያንዳንዱም ይቆጥባል። አብቁተ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ባንክነት ተሸጋግሮ ፀደይ ባንክ ተብሏል። በቡድን ብድር ያለፉ የክልሉ ገበሬዎች ታሪክ ዛሬ የባንክ መዝገብ ውስጥ ነው ማለት ነው።

መግለጫው እንዴት ይሠራል?

በአገራችን የብድር መረጃን የሚሰበስበው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር ያለው የብድር መረጃ ማዕከል ነው። ብሔራዊ ባንክ በዚህ ረገድ የመጀመሪያውን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2019 ደግሞ በኮምፒዩተር ለሚሠራው ማዕከል የሚያገለግሉ መመሪያዎችን አውጥቷል።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አበዳሪው ድርጅት ለአንድ ሰው ብድር ሲሰጥ የተበዳሪውን ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ የብድሩን መጠን፣ የተያዘውን ዋስትና፣ ብድሩ የተሰጠበትንና የሚያበቃበትን ቀን ለማዕከሉ ያስተላልፋል። ከዚያም ክፍያው እንዴት እየሄደ እንደሆነ በየጊዜው ያሳውቃል። ተበዳሪው ነገ ወደ ሌላ ባንክ ቢሄድ፣ ያ ባንክ ብድሩን ከመፍቀዱ አስቀድሞ ማዕከሉን ይጠይቃል። የሰውየው የብድር ታሪክም ይወጣለታል።

በመግለጫው ላይ ብድሮች በጤንነታቸው ተለይተው ይቀመጣሉ። በባንኮች አሠራር የመክፈያ ቀኑ 90 ቀን ያለፈበት ብድር ከጤናማው ወደ ተበላሸው ጎራ ይዛወራል። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ አጠራጣሪ፣ በመጨረሻም እንደጠፋ የሚቆጠር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ እንመልከት። ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው ለዘር ድንች 20,000 ብር ተበደሩ እንበል። ሁለቱም ዕዳቸውን አንድ ብር ሳያጎድሉ ከፈሉ። አንደኛው የከፈለው በቀኑ ነው። ሁለተኛው ግን የመክፈያው ቀን የተወሰነው ድንቹ ከመድረሱ በፊት ስለነበር 100 ቀን አሳልፎ ከፈለ። በመንደሩ ዓይን ሁለቱም ታማኞች ናቸው። በመግለጫው ላይ ግን የሁለተኛው ብድር አንድ ጊዜ «የተበላሸ» ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱ ድንቹ መቼ እንደሚደርስ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት የመክፈያው ቀን ከምርቱ መድረሻ ጋር እንዲገጥም መጠየቅ የገበሬው ተገቢ ጥያቄ ነው።

ከባንክ መዝገብ ሌላ አዲስ የብድር ታሪክ ምንጭም መጥቷል። በ2013 ዓ.ም ግንቦት ወር ሥራ የጀመረው ቴሌብር፣ ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን «መላ»፣ «እንደኪሴ» እና «ሳንዱቅ» የተባሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶችን አቅርቧል። በዚህ ዓይነቱ ብድር የቀበሌ ደብዳቤም ሆነ ዋስ አይጠየቅም። መመዘኛው ሰውየው በስልኩ ያንቀሳቀሰው ገንዘብና የአከፋፈል ልማዱ ነው። በሌላ ሰው ስም የወጣ የስልክ ካርድ የሚጠቀም ገበሬ መልካም ልማዱ የሚመዘገበው ለሌላው ነው። ስልኩን ለልጁ ወይም ለጎረቤቱ የሰጠም፣ ባልተበደረው ገንዘብ ስሙ ሊበላሽ ይችላል።

ከሌላው ዓለም የተገኘ ልምድ

ይህ አሠራር የተጀመረው ከኮምፒዩተር በጣም ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 በአሜሪካ ትልቅ የገንዘብ ቀውስ ደርሶ ሊዊስ ታፓን የተባለ የኒው ዮርክ የሐር ነጋዴ በዱቤ የሸጠውን ማስመለስ አቅቶት ከሰረ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1841 የነጋዴዎችን ታማኝነት እያጠና የሚሸጥ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ በየአውራጃው ወኪሎች ነበሩት። ወኪሎቹ፣ አብዛኞቹ የሕግ ሰዎች፣ በአካባቢያቸው ያለው ነጋዴ ምን ያህል ሀብት እንዳለው፣ ይጠጣ እንደሆነ፣ ትዳሩ የጸና መሆኑን ሳይቀር እየጻፉ ይልኩ ነበር። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው አብርሃም ሊንከን በጥብቅና ዘመኑ ከእነዚህ ወኪሎች አንዱ ነበር።

ያ ወኪል ይሠራው የነበረው ሥራ በእኛ አገር የቀበሌው ጸሐፊ ከሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ብዙ አይርቅም። የነበረበት ጉድለትም ያው ነው። ወኪሉ ከተጣላው ሰው ጋር በደል ሊጽፍበት ይችል ነበር፤ የተጻፈበት ሰው ደግሞ ምን እንደተባለ አያይም፤ መልስ አይሰጥም። በአሜሪካ ሰው ስለራሱ የተጻፈውን የብድር መረጃ እንዲያይና ስሕተቱን እንዲያሳርም የሚፈቅድ የፌዴራል ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ከታፓን ድርጅት መቋቋም እስከዚህ ሕግ ድረስ 129 ዓመት አልፏል።

ከጎረቤታችን ከኬንያም የምንማረው አለ። በዚያ አገር በስልክ የሚሰጥ ጥቃቅን ብድር በተስፋፋ ጊዜ ብዙ ሰው በትንሽ ገንዘብ ምክንያት ስሙ በማይከፍሉት ዝርዝር ውስጥ ገባ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ1,000 ሺሊንግ በታች በሆነ ዕዳ ሰው በዝርዝሩ እንዳይገባ ወሰነ። ትንሽ ዕዳ ትልቅ ስም ያጎድፋል፤ ይህ ከመሆኑ በፊት ማወቅ ይሻላል።

በእናቴ ላይ የደረሰው

ይህ ጸሐፊ በጉዳዩ ላይ እንዲጽፍ የገፋፋው በመጽሐፍ ያነበበው ብቻ አይደለም። እናቴ ባሏ ከሞተ በኋላ ከአራት ጎረቤቶቿ ጋር በቡድን ሆና ለበግ ማድለቢያ ተበድራ ነበር። ክፍያውን በየጊዜው ለቡድኑ ሰብሳቢ ትሰጣለች፤ ሰብሳቢዋ የሁሉንም ጠቅልላ ከተማ ወርዳ ታስገባለች። እናቴ የተሰጧትን ደረሰኞች በጨርቅ ቋጥራ ከሣጥን ታኖር ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን «ማኅተም ያለበት ወረቀት አይጣልም» ትል ነበር።

ዓመቱ ሲዞር አንድ ክፍያ እንደጎደለባት ተነገራት። ነገሩ ሲመረመር በዚያው ቀበሌ በእሷና በአባቷ ስም የምትጠራ ሌላ ሴት ነበረች። የእናቴ አንድ ክፍያ የገባው በዚያች ሴት ስም ነው። ለሌሎቹ ክፍያዎች ደረሰኝ ነበራት፤ ለዚያኛው ግን ሰብሳቢዋ «አንድ ላይ ተጽፏል» ብላ ስላልሰጠቻት ማስረጃ አጣች። ክርክሩ ከሚረዝም ብላ አንድ በግ ሸጣ ደግማ ከፈለች።

የበጉ ነገር በዚያ አለፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ ወንድሜ በእሷ ስም ለውኃ መሳቢያ ሞተር ብድር ሲጠይቅ ግን «ቀድሞ ያሳለፉት ክፍያ አለ» ተባለ። ሞተሩ የተገዛው ከሁለት መኸር በኋላ ነው። እናቴ ያዘነችው በሞተሩ አልነበረም። «እኔ የሰው ገንዘብ አሳድሬ አላውቅም» እያለች የምትብሰለሰለው ስሟ ላይ በተጻፈው ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚል ሕዝብ ልጅ ናትና።

ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሰብሳቢዋም ሆነች ጸሐፊው ሊበድሏት አልፈለጉም። የአያት ስም አለመጻፉና አንድ ደረሰኝ አለመቆረጡ ብቻ ይህን ሁሉ አመጣ።

ከገበሬ ማኅበር መሪዎች የሚጠበቀው

ከዚህ በመነሳት መሪዎች በቀበሌያቸው ሊያስተካክሏቸው የሚችሏቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ስም አንድ ይሁን። በአገራችን አንድ ሰው የክርስትና ስም፣ የቤት ስምና የመዝገብ ስም ይኖረዋል። በዚህ ላይ አጻጻፉ ይለያያል። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ፤ ዓለሙ፣ አለሙ፤ ፀሐይ፣ ጸሃይ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በመሬት ይዞታ ደብተሩ፣ በቁጠባ ደብተሩ፣ በግብር ከፋይ መለያውና በፋይዳ መታወቂያው ላይ ያለው ስም እስከ አያት ድረስ በፊደሉም ሳይቀር አንድ መሆኑ ይታይ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ሞክሼዎችን ለመለየት ይረዳል።

ሁለተኛ፣ ደረሰኝ በነፍስ ወከፍ ይቆረጥ። የቡድን ሰብሳቢ ገንዘብ አሰባስቦ መሄዱ መንገድ ያቀላል፤ ሆኖም እያንዳንዱ አባል የከፈለው በየስሙ ተጽፎ እጁ ይግባ። ዕዳው ሲያልቅም ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ይጠየቅ። ይህ ወረቀት ከይዞታ ደብተሩ ጋር አብሮ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ የቀበሌ ደብዳቤ እውነት ይናገር። ለዘመድ ሲሆን የሚያሞግስ፣ ለተኮራረፈ ሲሆን የሚዘገይ ደብዳቤ ሁለት ጉዳት አለው። የማይገባውን ሰው ዕዳ ውስጥ ይከተዋል፤ የሚገባውን ያስቀራል። አበዳሪው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተታለለ ደግሞ የዚያን ቀበሌ ማኅተም ማመን ይተዋል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ቀበሌው በሙሉ ነው። ጸሐፊው የሚያውቀውን ብቻ ይጻፍ፤ ይኸውም ሰውየው ነዋሪ መሆኑን፣ የሚያርሰውን መሬትና በእጁ ያለውን ንብረት ነው። ከብድሩ ጋር ባልተያያዘ መዋጮ ምክንያት ደብዳቤ መከልከል ተገቢ አይደለም።

አራተኛ፣ የሴቶች ስም አይረሳ። በክልላችን የይዞታ ደብተር የባልም የሚስትም ስም ይጻፍበታል። ብድሩ ግን በባል ስም ብቻ ሲወሰድ፣ የመልካም አከፋፈሉ ታሪክ የሚቀረው ለባል ብቻ ነው። ሚስት ባሏ ቢሞት ወይም ቢፋቱ ሃያ ዓመት አብራ የከፈለችው ዕዳ እንዳልነበረ ሆኖ እንደ ጀማሪ ትቆጠራለች። አንዳንዱ ብድር በስሟ እንዲሆን መምከር ይህን ችግር ያቃልላል።

አምስተኛ፣ ችግር ሲደርስ ቀኑ ሳያልፍ ይነገር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ላይ ጋይንት ገብቶ እስከ ደብረ ታቦር ዳርቻ በደረሰ ጊዜ፣ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህም በክልሉ በደረሰው ግጭት፣ መንገድ ተዘግቶበት ወይም ገበያ አጥቶ መክፈል ያልቻለ ገበሬ ብዙ ነው። መግለጫው «አሳለፈ» ብሎ ይጽፋል እንጂ «መንገድ ተዘጋበት» ብሎ አይጽፍም። በመሆኑም በረዶ፣ ዋግ፣ የከብት በሽታ ወይም የጸጥታ ችግር ሲደርስ የቀበሌው አመራር ከልማት ሠራተኛው ጋር ሆኖ ጉዳቱን በቃለ ጉባዔ ይያዝ፤ ገበሬውም የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምለት ከቀኑ በፊት በጽሑፍ ያመልክት። ማራዘሙ አበዳሪው የሚወስነው ጉዳይ ቢሆንም፣ የተራዘመ ብድርና ዝም ተብሎ ያለፈ ብድር በመዝገብ ላይ አንድ አይደሉም።

ስድስተኛ፣ የመጠየቅ መብት ይታወቅ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አበዳሪዎች የውሉን ይዘት ግልጽ እንዲያደርጉና የደንበኛን ቅሬታ ተቀብለው እንዲመረምሩ ያዛል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ሰው ስለራሱ የተያዘን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ሰጥቶታል። ስሕተት ያገኘ ገበሬ በመጀመሪያ ለአበዳሪው ቅርንጫፍ ማመልከቻውን ከደረሰኙ ቅጂ ጋር ያስገባ፤ የገባበትንም ቀን አስጽፎ ቅጂ ይያዝ። መልስ ካጣ ወደ ብሔራዊ ባንክ ማለት ይችላል።

የብድር ታሪክ ለምን ይጠቅማል?

አንዳንድ መሪዎች «ይህ ሁሉ መዝገብ ገበሬውን ለመያዝ አይደለም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው አግባብ አለው። መዝገቡ ዕዳን ሊያሳድድበት እንደሚችል እሙን ነው። ነገር ግን ገበሬውን ከቡድን ዋስትና የሚያላቅቀውም ይኸው መዝገብ ነው። በቡድን ብድር አንዱ ካልከፈለ አራቱ ይታገዳሉ፤ ታታሪው በሰነፉ ዕዳ ይያዛል። በራሱ ስም የተጻፈ ንጹሕ ታሪክ ያለው ሰው ግን ቀስ በቀስ በግሉ፣ ከፍ ያለ ብድር ለመጠየቅ ይችላል።

ሕጉም ወደዚሁ እየሄደ ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና የእርሻ መሣሪያ የመሳሰሉትን በዋስትና ለማስያዝ መንገድ ከፍቷል። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009ም ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። መሬትን ያህል ነገር ማስያዝ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ታሪኩ የተስተካከለ ገበሬ የሚያስይዘው ያንሳል፤ ታሪክ የሌለው ገበሬ ግን ያለውን ሁሉ ያስይዛል። ደረሰኝ በጥንቃቄ መያዝ መሬትን መጠበቅ ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

አባቶቻችን የሰውን ታማኝነት በልባቸው መዝገበው ይዘው ኖረዋል። ያ መዝገብ ዛሬ ወደ ወረቀትና ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። በዝውውሩ ላይ የታማኙ ስም እንዳይጠፋ፣ የሞክሼም ዕዳ እንዳይጫንበት መጠበቅ ከማንም በላይ ሰዎቹን በመልክም በስምም የሚያውቁት የቀበሌ መሪዎች ሥራ ነው። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ አባወራና እማወራ የቁጠባ ደብተሩንና ደረሰኞቹን ይዞ እንዲመጣ ተደርጎ፣ ስሞቹ ከይዞታ ደብተሩ ጋር ቢመሳከሩ አንድ ቀን ቢፈጅ ነው። ያ አንድ ቀን የብዙ ሰው በግ ያተርፋል እንላለን።